በሩ ላይ ያለው ስም ግማሹ ነው፦ ስለ ቤተሰብ የእንስሳት ክሊኒኮች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄማ ስለ እናንተ ቤት ነው የተጻፈው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። በቤተሰብ ስለሚመሩ የእንስሳት ክሊኒኮች ታሪክ ነው። አጻጻፉ ያማረ ነው። መደምደሚያው ግን ቆሽቴን አሳረረው። አንድ ቀን አሳድሬ እንደገና አነበብኩት። አሁንም ያው ነው። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ።

ያላነበበ እንዳይቸገር ጭብጡን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የቤተሰብ ክሊኒክ የእጅ ሙያ ቤት እንጂ የሳይንስ ቤት አልነበረም፤ ሳይንሱ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ሙከራ ነው የመጣው። ሁለተኛ፣ ታሪኩ የአባትና የወንድ ልጅ ታሪክ ነው። ሦስተኛ፣ ልጅ የሚተካው ስለቻለ ሳይሆን ስለተወለደ ነው። አራተኛ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች እነዚህን ክሊኒኮች መግዛታቸው የማይቀር እድገት ነው፤ ለባለ እንስሳውም ይበጃል። አምስተኛ፣ ከእነዚህ ቤቶች የተረፈው ትዝታና የአሮጌ መዝገብ ክምር ብቻ ነው።

እኔ ያደግኩት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። አባቴ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ አሁን ክሊኒኩ ውስጥ የምሠራው እኔ ነኝ። በነገራችን ላይ፣ ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሳይንሱ ልጀምር። ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 በንጉሥ ፈቃድ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ውስጥ ተቋቋመ። መሥራቹ ክሎድ ቡርዣላ ይባላል። ሰውየው ሐኪም እንኳ አልነበረም፤ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። ያኔ ደስታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ አውሮፓን እያራቆተ ነበርና መንግሥት መላ ይፈልግ ነበር። ከዚያ በፊት ፈረስ ሲታመም የሚጠራው ማን ነበር? ኮቴው ላይ ብረት የሚመታለት ቀጥቃጭ። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የምለያቸው ቀጥሎ ነው። ቀጥቃጩንና ሳይንቲስቱን በሁለት ጎራ አቆሟቸው። በታሪክ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ኤድንብራ ላይ በ1823 የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የከፈተውን ዊልያም ዲክን ውሰዱ። አባቱ ጆን ዲክ ፈረስ ጫማ ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ከአባቱ ምድጃ ተነስቶ ሎንዶን ተማረ፣ ተመልሶም ማስተማር ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ስሙን እንደያዘ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ አለ። ታዲያ ይህን የትኛው ጎራ ውስጥ እንክተተው?

ደግሞ «ሳይንስ ከቤተ ሙከራ መጣ» ሲባል ሁሌ የሚታወሰኝ አንድ ታሪክ አለ። ላም ስትወልድ፣ በተለይ ብዙ የምትታለብ ከሆነች፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ልትወድቅ ትችላለች። ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። አንገቷን ወደ ጎኗ ታጥፋለች። መነሳት ያቅታታል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ከወደቁት አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። በ1897 ዴንማርክ፣ ኮልዲንግ በምትባል ከተማ የሚሠራ ሽሚት የተባለ የመስክ ሐኪም አንድ ነገር ሞከረ። በሽታው ከግቷ ውስጥ የሚነሳ መርዝ ነው ብሎ ስላሰበ በጡቷ ቀዳዳ በኩል የአዮዳይድ ውህድ ወደ ግቷ ጨመረ። ላሞቹ መነሳት ጀመሩ! ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሌሎች ሐኪሞች መድኃኒቱን ትተው አየር ብቻ ቢነፉስ ብለው ሞከሩ። እሱ እንዲያውም በለጠ። ገበሬዎች በብስክሌት መንፊያ ሳይቀር ይነፉ ነበር።

የሽሚት ግምት ስህተት ነበር። መርዝ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1925 ድራየርና ግሬግ የተባሉ የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ችግሩ የካልሲየም እጥረት መሆኑን አመለከቱ። ወተቱ ካልሲየሙን ከደሟ እየመጠጠ ነው ላሚቱን የሚጥላት። ግቷ በአየር ሲወጠር ወተት መመረቱ ይቆማል፣ መምጠጡም አብሮ ይቆማል። ዛሬ ካልሲየም በደም ሥሯ እንሰጣለን፤ አንዳንዷ ላም መርፌው ሳይነቀል ታገሳለች፣ ከዚያ ተነስታ ትሄዳለች። ይህን ሁሌ ሳየው እደነቃለሁ።

ሽሚት የቤተሰብ ክሊኒክ ነበረው እያልኩ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። በዚያው በ1897፣ በዚያችው ዴንማርክ፣ ፕሮፌሰር በርንሃርድ ባንግ ላሞችን የሚያስወርደውን ባክቴሪያ ለየ፤ ዛሬ ብሩሴላ የምንለውን። አንዱ በማይክሮስኮፕ፣ ሌላው በረት ውስጥ ተንበርክኮ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር። ታሪኩን ለአንዱ ብቻ መስጠት ለምን አስፈለገ?

(እግረ መንገዴን፦ መኪናችሁ የሚሄድበትን በአየር የሚነፋ ጎማ ከገበያ ያደረሰው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር። አየርላንድ ውስጥ ከወንድሙ ከጄምስ ጋር ክሊኒክ ከፍቶ ሠርቷል። በ1887 ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ነው ጎማውን የሠራው። ላስቲክ የለመደ እጅ ነበረው። ከእሱ በፊት ሐሳቡን ያስመዘገበ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ ግን አልቀናውም። ይህ ለክርክሩ ብዙም አይጠቅምም፣ ግን ሳልናገረው ማለፍ አልቻልኩም።)

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ያናደደኝም እሱ ነው። የአባትና የወንድ ልጅ ታሪክ!

ቅድም ወዳልኳችሁ ዲክ ቤት እንመለስ። ዊልያም ዲክ እህት ነበረችው፤ ማርያም እንበላት፣ በእነሱ አነጋገር ሜሪ። ዊልያም ሲያስተምርና ሲያክም፣ የቤቱንና የትምህርት ቤቱን ሥርዓት የምትይዘው እሷ ነበረች። ተማሪዎቹ ይፈሯት ነበር ይባላል። ወንድሟ በ1866 ሲሞት ትምህርት ቤቱ አልተበተነም። እሷ በ1883 እስክትሞት ድረስ ድምጿ እዚያ ቤት ውስጥ ይሰማ ነበር። በሩ ላይ የቀረው ስም ግን «ዲክ» ነው፤ ሰው ሲያነበው የሚታየው ደግሞ ዊልያም ነው። እሷም እኮ ዲክ ናት።

እኛ ቤትም እንዲሁ ነው። ሰሌዳው ላይ የአባቴ ስም አለ። አባቴ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነበር። ስልኩን የምታነሳው እናቴ ናት። እናቴ የእንስሳት ሕክምና አልተማረችም። ግን አንድ ሰው ሌሊት ደውሎ «ላሜ ወደቀች» ሲል ትጠይቀዋለች። መቼ ወለደች? ጆሮዋን ንካው፣ ቀዝቅዟል? አንገቷን አጥፋለች? ከዚያ ትነግረዋለች። «በደረቷ አስቀምጧት፣ በጎኗ እንዳትዘረጋ፤ ጆንያ በሣር ሞልታችሁ ደግፏት። በአፏ ምንም እንዳታጠጧት፣ ሐኪሙ እየመጣ ነው።»

ይህች ንግግር ቀላል ትመስላለች። አይደለችም። በጎኗ የተዘረጋች ላም ሆዷ ይነፋል፣ ያ ብቻውን ሊገድላት ይችላል። መዋጥ ያቃታትን ላም በግድ ካጠጧት ደግሞ ፈሳሹ ሳንባዋ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ካልሲየም ቢሰጧትም ምን ይረባል? አባቴ በረቱ ደርሶ መርፌውን ሲወጋ ላሚቱ በሕይወት የጠበቀችው ብዙ ጊዜ በእናቴ ስልክ ምክንያት ነው። ምስጋናው ለዶክተሩ ነበር፤ እሷም «እሱ ይበቃል» ትላለች። እኔ ግን አይበቃኝም። የቤተሰብ ክሊኒክን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስልኩን ማን ያነሳ እንደነበር ካልጠየቀ የጻፈው የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

ቀሪውንም ልጥቀስ። የማዋለጃ ገመዱን በወጥ ቤታችን ምድጃ ላይ የሚቀቅለው፣ መርፌ የሚቆጥረው፣ ያልከፈለውን ደንበኛ ሳያስቀይም የሚያስታውሰው አባቴ አልነበረም። ክትባቶቹ የተቀመጡበት ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ተነስቶ በበረዶ የሚያሽገውም እሱ አልነበረም።

ሌላም አለ። ጸሐፊው «የአባትና የወንድ ልጅ» ሲሉ እንዲያው የቤተሰቦች ምርጫ የነበረ ያስመስሉታል። ለሴት ልጅ በሩ የተዘጋው በሕግና በማኅበር ነበር። ኤሊን ከስት የተባለች ሴት ኤድንብራ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቷን በ1900 ጨረሰች። የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ግን ፈተናውን እንዳትቀመጥ ከለከላት። ሴት ስለሆነች፣ ሌላ ምክንያት የለም። እሷም አየርላንድ ሄዳ ያለ ማዕረጉ ሠራች። ገበሬው ቀጠራት፣ ማኅበሩ ነው ያላወቃት። የተመዘገበችው በ1922 ነው፤ 22 ዓመት ቆይታ። ያጠናችበት ትምህርት ቤት (የዲክ አይደለም፣ እዚያው ኤድንብራ የነበረ ሌላ ነው) የአባትና የልጅ ነበር፤ ዊልያም ዊልያምስ መሠረተው፣ ልጁ ቀጠለበት። እና የሚገርመው፣ ሴት ተማሪ የተቀበለው እሱ ነው። ዛሬ ብሪታንያና አሜሪካ ውስጥ ከአምስት የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አራቱ ያህል ሴቶች ናቸው። የአባቶቹን ክሊኒክ ማን እየተረከበ እንደሆነ መገመት ከባድ አይደለም።

እኔም ሴት ልጅ ነኝ። ወንድሜ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ደም ሲያይ ይዞረዋል።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ አያስቆየኝም። ክሊኒክ ይወረስ ይሆናል፣ ፈቃድ አይወረስም። ብሪታንያ ውስጥ የሐኪሞቹ ማኅበር በ1844 በንጉሣዊ ቻርተር ሲቋቋም፣ ኋላም በ1948 ሕግ ያልተማረ ሰው እንዳይሠራ ሲታገድ፣ «የዶክተሩ ልጅ ነኝ» የሚል መግቢያ አልተተወም። ፈተናው ላይ አባቴ አጠገቤ አልተቀመጠም። የወረስኩት ሌላ ነገር ነው። በስምንት ዓመቴ ጥጃ በጀርባው ሲመጣ አይቻለሁ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲነገረኝ ቃሉን ብቻ ነው የተማርኩት።

ጸሐፊው ሊሉት የሚገባቸው ግን ያላሉት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ልበለው። ልጅ መሆን ዕዳም ነው። «አንቺ ነሽ የምትረከቢው» እየተባልሽ ስታድጊ ሌላ ነገር መፈለግ ክህደት ይመስላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር በዚህ ተኮራርፈናል።

ወደ ኩባንያዎቹ ልምጣ። ጸሐፊው «የማይቀር እድገት» ሲሉ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ያስመስሉታል። ብሪታንያን እንይ። እዚያ ከ1999 በፊት የክሊኒክ ባለቤት መሆን የሚችለው የእንስሳት ሐኪም ነበር። በ1999 ደንቡ ላላ፤ ሐኪም ያልሆነም ባለቤት መሆን ቻለ። በ2013 ከክሊኒኮቹ 10 በመቶ ያህሉ በትልልቅ የኩባንያ ቡድኖች እጅ ነበሩ። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 60 በመቶ ደረሱ። ታዲያ ይህ ዝናብ ነው? ደንብ ተቀየረ፣ ገንዘብ ያለው ገባ። ጡረታ የሚወጣው ሐኪም ደግሞ ወጣት ባልደረባው ሊከፍለው የማይችለው ዋጋ ሲቀርብለት ሸጠ። ሻጩን አልወቅሰውም። ዕድሜ ልኩን ሌሊት ሲጠራ የኖረ ሰው ነው።

ለባለ እንስሳው ይበጃል የተባለው ግን? የብሪታንያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን ጉዳዩን መርምሮ በጥቅምት 2025 ጊዜያዊ ውሳኔውን አወጣ። በትልልቅ ቡድኖች ክሊኒክ የሚገለገል ሰው በትልልቆቹ ባልተያዘ፣ ራሱን ችሎ በሚሠራ ክሊኒክ ከሚገለገለው በአማካይ 16.6 በመቶ የበለጠ ይከፍላል ይላል። ይህ ብቻ ቢሆን «ጥራቱ ይበልጣል» ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ለእኔ ከቁጥሩ የበለጠ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ባለሥልጣኑ ከመረመራቸው ስድስት ትልልቅ ቡድኖች አራቱ ክሊኒክ ሲገዙ ስሙንና ሰሌዳውን አይቀይሩም። ደንበኛው አሁንም የቤተሰቡ ይመስለዋል።

ይህችን ነገር ጸሐፊው አንዴ ቢያስቧት ደስ ይለኛል። የቤተሰቡ ስም ትዝታ ብቻ ከሆነ፣ ያን ያህል ገንዘብ የከፈለ ኩባንያ የራሱን አርማ ለምን አይሰቅልም? ስሙ ዋጋ እንዳለው ከእኛ በፊት ያወቁት ገዢዎቹ ናቸው።

አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ልጨምር። በዓለም ላይ ብዙ ክሊኒክ ካላቸው ቀዳሚዎቹ አንዱ ቸኮሌት ሠሪው ማርስ ነው። በ2017 ቪሲኤ የተባለውን የአሜሪካ የክሊኒኮች ሰንሰለት በ9.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ማርስ ራሱ የማን ነው? የአንድ ቤተሰብ! ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የመጣ ድርጅት ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ንግድ መምራት አይችልም የሚለው ክርክር እዚያው ላይ ይሰበራል።

ግን ፍትሐዊ ልሁን። ትልልቆቹ ያመጡት ጥሩ ነገር አለ። እኛ የማንገዛው ኤምአርአይ አላቸው። የአጥንት፣ የልብ፣ የዓይን ስፔሻሊስት አላቸው። የሌሊት ተረኛ ይከፋፈላሉ፤ ወጣት ሐኪም ቅዳሜን ልጆቹ ጋር ያሳልፋል። አባቴ ይህን ዕድል ቢያገኝ ኖሮ እኔ ልጅነቴን ሌላ አድርጌ አስታውሰው ነበር። ጽሑፉ ላይ ስለ ሌሊት ጥሪ የተጻፈው አንቀጽ አንድም ቃል አይወጣለትም። «ለላም ቀንዷ አይከብዳትም» የሚሉን ሰዎች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ላም ማህፀን ውስጥ ከተው አያውቁም።

ቀንዱ ይከብዳል። አባቴ አንድ ጊዜ የእንግዴ ልጅ የቀረባትን ላም በባዶ እጁ አክሞ ብሩሴሎሲስ፣ ያ ብሩሴላ የሚያመጣው በሽታ፣ ይዞት ነበር። ማታ ማታ በላብ ይዘፈቃል፣ ጠዋት ደህና ይመስላል፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ይታመማል። ስድስት ሳምንት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ዋጠ። ጓንት ነበረው፤ «በጓንት አይታወቀኝም» ብሎ ነው። ከልምድ የመጣ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ከልምድ የመጣ ግትርነትም አለ። ይህን ጸሐፊው በደንብ ጽፈውታል፣ አልከራከርም።

የመጨረሻው ነጥብ መዝገቦቹ ናቸው። የአሮጌ ወረቀት ክምር ተብለዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ያን የወረቀት ባሕርይ እወደዋለሁ።

እናቴ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ገጽ ትይዝ ነበር። ቀን፣ የላሚቱ መልክ፣ ምን ሆነች፣ ምን ተደረገላት። አንድ ዓመት ላይ ገጾቹን ስታገላብጥ አንድ ደንበኛ ጋ ቆመች። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ «አስወረደች» የሚል ጽፋለች። ሁሉም ሰባት፣ ስምንት ወር ላይ። አባቴ አምስቱንም አክሟል፤ ግን በተለያየ ቀን፣ በመሀል ሌላ መቶ ላም አይቶ፣ አንዱን ከሌላው አላገናኘውም። እሷ ወደ ኋላ ገለጠች። የመጀመሪያው ከመሆኑ ከጥቂት ወራት በፊት «ሁለት ጊደር ገዝቶ አመጣ፣ ክትባት» የሚል አለ።

ደም ተወሰደ። ብሩሴላ ነበር። ያስወረደችው ላም የጣለችውን ፅንስና ፈሳሽ ሌሎቹ ይልሱታል፣ ያሸቱታል፣ ግጦሹ ይበከላል፤ እንዲያ ነው የሚዛመተው። ወተቱን ሳያፈላ የሚጠጣ ሰውም ይያዛል። ሰውየው ልጆች ነበሩት። በማግስቱ እናቴ ራሷ ደውላ ወተቱን እንዲያፈሉ ነገረቻቸው፤ ሐኪሙን አልጠበቀችም።

ይህን ያገኘው ቤተ ሙከራ ነው ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ያረጋገጠው ቤተ ሙከራ ነው። ወደ ቤተ ሙከራው የላከው ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ደብተር ነው። አሁን መዝገባችን ኮምፒውተር ላይ ነው። ደብተሮቹን አልጣልኳቸውም። ባለፈው ወር እንኳ የአንዲት ላም አያት ምን ሆና እንደነበር ለማየት አንዱን አውጥቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አምና ሰሌዳችን ዝጎ ስለነበር አዲስ ልናሠራ ተነጋገርን። እኔ የእናቴም ስም ከአባቴ ጎን ይጻፍ አልኩ። እሷ ሳቀች። «ተይኝ እባክሽ» አለችኝ። «አሁን ‹ዶክተሩ አለ?› ብለው ነው የሚጠይቁኝ። ‹የለም› ብዬ እተኛለሁ። ስሜ ከተጻፈ ምን ልል ነው?»

አንድም ሌሊት «የለም» ብላ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።